ፋብሪካው ሲመጣ የት ነው የምንቆመው? በሩ ላይ ወይስ ማሽኑ ጋ?

(በድሬዳዋ ለወጣት አባሎቻችንና ደጋፊዎቻችን የቀረበ ንግግር። «በጽሑፍ ስጡን» ላላችሁ ሁሉ ሙሉ ቃሉ ይኸውላችሁ።)

 

በዚህ ሙቀት፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ በርጫችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። አቦ፣ ይሄ ለድሬ ልጅ ቀላል መስዋዕትነት አይደለም።

በአንድ ጥያቄ ልጀምር። በኅዳር 2009 ዓ.ም. እዚህ ከተማችን ላይ ግዙፍ የማዳበሪያ ፋብሪካ ሊገነባ ስምምነት መፈረሙን የምታስታውሱ እጃችሁን አውጡ እስቲ። ... ጥቂት ናችሁ። አልፈርድባችሁም፤ አብዛኞቻችሁ ያኔ ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበራችሁ።

የሆነው እንዲህ ነው። የሞሮኮው ንጉሥ መሐመድ 6ኛ አዲስ አበባ በመጡበት ጊዜ ኦሲፒ የተባለው የሞሮኮ የፎስፌት ኩባንያ ከመንግሥታችን ጋር ተፈራረመ። የመጀመሪያው ምዕራፍ 2.4 ቢሊዮን ዶላር፤ በዓመት 2.5 ሚሊዮን ቶን ማዳበሪያ። ጋዙ ከኦጋዴን፣ ፖታሹ ከአፋር፣ ፎስፎሪክ አሲዱ ከሞሮኮ ይመጣል፤ ሁሉም የሚገናኘው ድሬዳዋ ላይ ነው ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2022 ማምረት ይጀምራል ተባለ። ቀኑ ሳይደርስ በ2014 መጀመሪያ ላይ እንደገና ሌላ ስምምነት ተፈረመ።

ፋብሪካው የታለ? እኔ ልንገራችሁ? እናንተው እዚሁ ናችሁ፤ ታዩታላችሁ።

ነሐሴ 22 ቀን 2017 ደግሞ የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ከናይጄሪያው ዳንጎቴ ግሩፕ ጋር ጎዴ ላይ የማዳበሪያ ፋብሪካ ለመገንባት ተፈራረመ። 2.5 ቢሊዮን ዶላር፣ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ፣ ጋዙ ከካሉብና ከሂላላ። «የድሬ ፋብሪካ ጎዴ ሄደ» ብሎ የሚያኮርፍ ልጅ አይቻለሁ። እኔ በዚህ አልስማማም። ጎዴም ኢትዮጵያ ነው፤ እዚያ የተመረተ ዩሪያ የጎጃምን ማሳም የባሌን ማሳም ያለማል። ቢሳካ እሰየው ነው።

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር ነው። በመጀመሪያው ፊርማና በጎዴው ፊርማ መካከል ወደ ዘጠኝ ዓመት ገደማ አለ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ስንት የአሞንያ ኦፕሬተር አሠለጠንን? ስንት የድሬ ልጅ ከፍተኛ ግፊት ያለው ጋዝ የሚተላለፍበትን ቱቦ መበየድ ተማረ? ኢንቨስተር መጣም ቀረም ሰው ማሠልጠን የኛ ፈንታ ነበር። ፋብሪካው የዛሬ ዓመት ቢመጣ ግማሻችን በር ላይ ዘበኛ፣ ግማሻችን ኩንታል ተሸካሚ ነው የምንሆነው። ዘበኝነትንም የቀን ሥራንም ንቄ አይደለም፤ አባቶቻችን በዚያ ነው ያሳደጉን። ግን ማሽኑ ጋ የሚቆመው ሰው ሁልጊዜ በአውሮፕላን የሚመጣ ከሆነ ሉዓላዊነት የምንለው ነገር ባዶ መፈክር ነው።

ለዚህ ነው ዛሬ ስለ ሃይድሮጅን የማወራችሁ። ፖስተሩን አይታችሁ «ይሄ ደግሞ ከትግላችን ጋር ምን አገናኘው?» ያላችሁኝ ልጆች፣ መልሱ እዚህ ላይ ይጀምራል።

ማዳበሪያ ማለት በአብዛኛው ናይትሮጅን ነው። ናይትሮጅን ደግሞ በነፃ ነው፤ አሁን ከምትተነፍሱት አየር 78 በመቶው እሱ ነው። ሰብሉ ግን ከአየር ላይ ቀጥታ መውሰድ አይችልም። ከሃይድሮጅን ጋር ተዋሕዶ አሞንያ መሆን አለበት፤ ከአሞንያው ዩሪያ ይሠራል። ስለዚህ ውዱ ነገር ሃይድሮጅኑ ነው። እሱን የምናገኝባቸው ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። አንደኛው ከተፈጥሮ ጋዝ መለየት ነው፤ የጎዴው መንገድ ይሄ ነው። ሁለተኛው ውሃን በኤሌክትሪክ ሰንጥቆ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ማድረግ ነው፤ ይህንን የሚሠራው ማሽን ኤሌክትሮላይዘር ይባላል። ኤሌክትሪኩ ከውሃ፣ ከነፋስ ወይም ከፀሐይ ከመጣ «አረንጓዴ ሃይድሮጅን» የሚሉት እሱ ነው።

ዓለም ስለ ሃይድሮጅን መኪናና ስለ ሃይድሮጅን መርከብ ያወራል። ያውራ። ለእኛ የሃይድሮጅን ኢኮኖሚ ማለት መጀመሪያ ማዳበሪያ ነው። ሀገራችን በአንድ የምርት ዘመን ከ20 ሚሊዮን ኩንታል በላይ ማዳበሪያ በዶላር ትገዛለች። ያ ማዳበሪያ ከጅቡቲ ተነስቶ በባቡርም በከባድ መኪናም በእኛው ምሥራቅ በኩል ያልፋል፤ እኛ ቆመን እናያለን። እ.ኤ.አ. በ2022 የዩክሬን ጦርነት ሲፈነዳ የዩሪያ ዋጋ በቶን ከ800 ዶላር በላይ ወጣ። ሁለት ሩቅ ሀገሮች ሲዋጉ የኛ ገበሬ እጁን አጣጥፎ ቀረ። በ2015 ክረምት መግቢያ ላይ ደግሞ የአማራ ክልል ገበሬዎች ማዳበሪያ አጥተው ባሕር ዳር ድረስ መጥተው ሰልፍ ወጡ። ዝናቡ መጥቶ፣ መሬቱ ታርሶ፣ ማዳበሪያ የለም። ገበሬ ማሳውን ትቶ ከተማ ሰልፍ ሲወጣ ነገሩ የት እንደደረሰ አስቡት።

አሁን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ይህንን ስሰማ እኔ ራሴ ደንግጫለሁ።

ብዙ ሰው ሃይድሮጅን ከኤሌክትሪክ ማምረት የትናንት ግኝት ይመስለዋል። ግብፅ አስዋን ላይ ኪማ የሚባል የማዳበሪያ ፋብሪካ አላት። ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። ከአስዋን ነባሩ ግድብ በመነጨ ኤሌክትሪክ ውሃ እየሰነጠቀ፣ ሃይድሮጅን እያወጣ፣ ማዳበሪያ ያመርት ነበር። አስዋን ከሚደርሰው የዓባይ ውሃ ወደ 85 በመቶ የሚጠጋው ከእኛ ተራሮች የሚወርድ ነው። በእኛ ውሃ ጉልበት ከ60 ዓመት በፊት አረንጓዴ ማዳበሪያ ተመርቷል ማለት ነው፤ እኛ ግን ቃሉን ገና አሁን እየሰማን ነው።

ይህንን የምነግራችሁ ግብፅን እንድትራገሙ አይደለም። ጎረቤትህ ሲሠራ አንተ ተኝተህ ከነበረ ጥፋቱ የጎረቤትህ አይደለም። ዛሬ ግድቡ አለን። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ቦንድ የገዛ ሊስትሮ፣ ከደመወዙ የተቆረጠበት አስተማሪ፣ መቀነቷን ፈትታ የሰጠች እናት ናቸው የሠሩት። የሚቀጥለው ጥያቄ በዚያ ኤሌክትሪክ ምን እንሠራለን የሚለው ነው።

ቸኩላችሁ ግን አታጨብጭቡ። ሌላ ታሪክ አለ። ዚምባብዌ ክዌክዌ ከተማ ሴብል ኬሚካልስ የሚባል ፋብሪካ አለ። እሱም ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በኤሌክትሪክ ውሃ እየሰነጠቀ አሞንያ ያመርት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ኤሌክትሮላይዘሩ ቆመ። ለምን? ኤሌክትሪክ አነሰ፣ ተወደደ። ከዚያ በኋላ አሞንያውን ከደቡብ አፍሪካ በባቡር ማስመጣት ያዘ። ኪማም ራሱ በኋላ ወደ ተፈጥሮ ጋዝ ዞሯል። ስለዚህ የዚህ ኢንዱስትሪ ነፍሱ ያለው የኤሌክትሪክ ዋጋና የኤሌክትሪክ አለመቆራረጥ ላይ ነው። ይህንን ሳይነግራችሁ «አረንጓዴ ሃይድሮጅን» እያለ የሚፎክር ሰው ካለ ወይ አያውቅም ወይ ያውቃል ግን ደብቋችኋል።

እስቲ አብረን እናስላ። ስልካችሁን አውጡ፤ ካልኩሌተር ክፈቱ፤ ቲክቶኩን ዝጉት።

1 ኪሎ ሃይድሮጅን ለማውጣት ከ50 ኪሎ ዋት ሰዓት ትንሽ በለጥ ያለ ኤሌክትሪክ ያስፈልጋል። 1 ቶን አሞንያ በዚህ መንገድ ለማምረት በጠቅላላው ወደ 10 ሺህ ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይበላል። 1 ቶን ዩሪያ ደግሞ 0.57 ቶን ያህል አሞንያ ይፈልጋል። ስለዚህ ለ1 ቶን ዩሪያ ወደ 5,700 ኪሎ ዋት ሰዓት። ሀገራችን ለቢትኮይን አምራቾች ኤሌክትሪክ ስትሸጥ የነበረው በኪሎ ዋት ሰዓት 3 የአሜሪካ ሳንቲም አካባቢ ነው። በዚያ ዋጋ አባዙት፦ ለ1 ቶን ዩሪያ የኤሌክትሪኩ ወጪ ወደ 170 ዶላር። ልብ በሉ፣ ይሄ ኤሌክትሪኩ ብቻ ነው። የማሽኑ ዋጋ፣ የባንክ ወለዱ፣ የሰው ደመወዝ፣ ጥገናው ይጨመርበታል፤ ማሽኑ ደግሞ ውድ ነው። ስለዚህ በርካሽ ዓመት ከውጭ ከሚገባው ሊወደድ ይችላል፤ እንደ 2022 ባለው ዓመት ግን ገበሬውን ያድናል።

ቢትኮይን ማሽን ያንኑ ኤሌክትሪክ በልቶ የሚተወው የሞቀ አየር ነው። ዶላር አስገብቷል፣ አልክድም። ግን ሙያ አይተክልም፤ ባለቤቱ ነቅሎ በኮንቴነር ሊወስደው ይችላል።

አሁን ደግሞ ስፋቱን እንየው። 100 ሜጋ ዋት ዓመቱን ሙሉ ሳይቋረጥ ብንሰጥ የምናገኘው ዩሪያ ወደ 150 ሺህ ቶን፣ ማለትም 1.5 ሚሊዮን ኩንታል ነው። ከ20 ሚሊዮን ኩንታል አንጻር ስታዩት የሀገሪቱን ችግር አይጨርስም። ለሐረርጌ፣ ለአርሲና ለባሌ ገበሬ ግን ወሬ አይደለም። የሀገሩን ሙሉ ፍላጎት ለመሸፈን የጎዴ ጋዝ ያስፈልጋል። ሁለቱ መንገዶች ጠላቶች አይደሉም፤ ሃይድሮጅኑ ከየትም ይምጣ አሞንያ የሚሠራበት ክፍል ሙያው አንድ ነው። እዚህ የሠለጠነ ልጅ ጎዴ መሥራት ይችላል።

«ታዲያ ለምን ድሬዳዋ?» ለሚል መልስ አለኝ። የባቡር መስመሩ በእኛ ያልፋል። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ለጅቡቲ ኤሌክትሪክ የምንሸጥበት ከፍተኛ መስመር በእኛ ያልፋል። የአይሻ ነፋስ በቅርባችን ነው፤ የአይሻ 2 ፕሮጀክት ብቻ 120 ሜጋ ዋት ነው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ አለ፣ ነፃ የንግድ ቀጠናው ከ2014 ጀምሮ አለ። ሌላም ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለን፦ ሲሚንቶ። ዩሪያ ለመሥራት ከአሞንያ በተጨማሪ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስፈልጋል፤ ለ1 ቶን ዩሪያ 0.73 ቶን ያህል። የሲሚንቶ ፋብሪካ ደግሞ የኖራ ድንጋይ ሲያቃጥል የሚለቀው እሱኑ ነው። ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ ድሬ ሲሚንቶ ታመርታለች፤ ጭሱን ስንተነፍሰው ኖረናል። ያንን ጋዝ አጥሮ አጥርቶ መያዝ በነፃ አይሆንም፤ ግን ለአንድ የኬሚካል ምህንድስና ተማሪ ከዚህ የተሻለ የመመረቂያ ጥናት ርዕስ የት ይገኛል?

ውሃስ? ይሄ ከባዱ ጥያቄ ነው፤ የድሬ እናቶች ይጠይቁኛል። 100 ሜጋ ዋት ያለው ፋብሪካ በቀን ከ500 እስከ 900 ሜትር ኩብ ውሃ ሊፈልግ ይችላል፤ ማቀዝቀዣው ከበዛ ከዚያም ይበልጣል። ውሃችን ደግሞ ኖራ የበዛበት ነው፤ ማንቆርቆሪያችሁን ክፈቱና ውስጡን እዩት፣ ነጭ ድንጋይ ሠርቷል። ኤሌክትሮላይዘር እንዲህ ያለ ውሃ ከጠጣ ይሞታል፤ ከሁሉ በፊት ማጣራት ግድ ነው። ስለዚህ ከሳቢያን ጉድጓዶች ላይ ቀንሶ ፋብሪካ ማጠጣት ተቀባይነት የለውም፤ ንቅናቄያችንም አይቀበለውም። ከፋብሪካዎች የሚወጣውን የተጠቀሙበትን ውሃ አጣርቶ መልሶ መጠቀም አንዱ መንገድ ነው። ደቻቱ በበጋ አሸዋ ብቻ ነው፤ ክረምት ሲሞላ ደግሞ በ1998 ሐምሌ መጨረሻ ያደረገብንን አንረሳውም፤ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን በአንድ ሌሊት ወሰደብን። ያንን ጎርፍ ከላይ ይዞ ለሥራ ማዋል ይቻላል ወይ? ይህንን ማጥናት የዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው።

ዩኒቨርሲቲና ፋብሪካ ስል አንዳንዶቻችሁ ስትስቁ አያለሁ። ለምን እንደምትስቁ አውቃለሁ።

እኔ ራሴ ተማሪ እያለሁ ለኢንተርንሽፕ አንድ ፋብሪካ ተመደብኩ። ደብዳቤዬን ይዤ ሄድኩ። የመጀመሪያው ቀን ቢሮ ተቀመጥኩ፤ ሁለተኛው ቀንም። በሦስተኛው ቀን ኃላፊው «ወንድሜ፣ አንተም አትቸገር እኛም አንቸገር፤ መጨረሻ ላይ ናና ማህተሙን እንመታልሃለን» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። ማሽኑን ብነካበትና ቢበላሽ ተጠያቂው እሱ ነው፤ እኔን ለማስተማር የሚከፈለው ደግሞ ሰባራ ሳንቲም የለም። ካምፓስ ያለው አስተማሪዬም አንድም ቀን አልመጣም፤ የትራንስፖርት በጀት የለውም። ማህተሙ ተመታ፣ ውጤቱ «ኤ» ሆነ፣ እኔ ምንም ሳልማር ተመረቅሁ። ስንቶቻችሁ ይሄ ደርሶባችኋል? ... አያችሁ? አዳራሹ ሙሉ ነው።

ይሄ የጥቂት ሰነፎች ጉዳይ አይደለም። ሁለቱን ወገን የሚያስተሳስር ጥቅም ስላልተበጀ ነው። የተበጀበት ቦታ ምን እንደሠራ ልንገራችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1909 ጀርመን ካርልስሩኸ ከተማ ፍሪትዝ ሃበር የሚባል የዩኒቨርሲቲ መምህር አሞንያን ከአየርና ከሃይድሮጅን ሠራ። በሰዓት የሚወጣው አንድ ብርጭቆ እንኳን የማይሞላ ነበር። ቢኤኤስኤፍ የተባለው የኬሚካል ኩባንያ ሰዎች መጥተው በዓይናቸው አዩት። ከዚያ ካርል ቦሽ የሚባል የኩባንያው መሐንዲስ ተረከበው። ችግሩ ምን ሆነ መሰላችሁ? ሃይድሮጅን በከፍተኛ ግፊትና ሙቀት ብረቱ ውስጥ እየገባ ብረቱን እንደ ብስኩት ሰባራ አደረገው፤ ማሽኖቹ በቀናት ውስጥ ፈነዱ። ቦሽ ከብረት ሥራ ጋር ያደገ ሰው ስለነበር መፍትሔውን ያገኘው እዚያው ነው፦ ከውስጥ በለስላሳ ብረት ለበጠው፤ ከውጭ ያለውን ጠንካራ ብረት ደግሞ ጋዙ እንዲወጣ በሳሳው። እ.ኤ.አ. በ1913 ኦፓው ላይ ፋብሪካው ማምረት ጀመረ። ከብርጭቆ እስከ ፋብሪካ አራት ዓመት! መምህሩ ብቻውን አይችልም፤ ኩባንያው ብቻውን አይችልም፤ በያጁና ቶርኖ የሚያዞረው ሠራተኛ ባይኖሩ ደግሞ ሁለቱም አይችሉም ነበር።

እኛስ ይህንን የማናውቅ ሰዎች ነን? ከተማችን እኮ የተወለደችው ከወርክሾፕ ነው። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ከተማ አልነበረም። ከዚራን የሠራት ባቡሩ ነው። በባቡሩ ወርክሾፕ ውስጥ የሐረርጌ ልጅ፣ የኢሳ ልጅ፣ የጉራጌ ልጅ፣ የመንዝ ልጅ ፈረንሳይኛ እየተሰባበረለት ቶርኖ ተማረ፣ ብየዳ ተማረ፣ መለዋወጫ እያበጀ ባቡር አንቀሳቀሰ። አያቶቻችሁን ጠይቋቸው። «የምድር ባቡር ሠራተኛ» ማለት በዚያ ዘመን ምን ዓይነት ክብር እንደነበረው ይነግሯችኋል።

ቅርቡን ደግሞ እዩ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ከ2010 ጀምሮ የንግድ አገልግሎት ሲሰጥ የሚያስተዳድሩት ቻይናውያን ነበሩ። ውሉ ላይ ግን የርክክብ ጊዜ ተቀመጠ፤ የኛ ልጆች ሠለጠኑ፤ በ2016 ዓ.ም. ሥራውን የኢትዮጵያና የጅቡቲ ሠራተኞች ተረከቡ። ዛሬ ባቡሩን የሚነዳው የሀገር ልጅ ነው። ይሄ የሆነው መጀመሪያውኑ ውል ላይ ስለተጻፈ ነው።

ስለዚህ የኛ ጥያቄ ምንድነው? ዝም ብሎ «ፋብሪካ ስጡን» አይደለም። አራት ነገር እንላለን።

አንደኛ፣ ከትንሹ እንጀምር። 1 ሜጋ ዋት ብቻ ያለው ኤሌክትሮላይዘር በኢንዱስትሪ ፓርኩ ይተከል። ለማዳበሪያ ቢውል በዓመት የሚሰጠው ወደ 15 ሺህ ኩንታል ዩሪያ የሚሆን አሞንያ ነው፤ ለብቻው ትርፋማ አይሆንም። ግን ትምህርት ቤት ነው። በዚያ ላይ ውሃ ሲሰነጠቅ ለእያንዳንዱ ኪሎ ሃይድሮጅን 8 ኪሎ ኦክስጅን ይወጣል። ከ1 ሜጋ ዋት በቀን ከ300 በላይ ሲሊንደር የሚሞላ ኦክስጅን ይገኛል ማለት ነው። በኮሮና ጊዜ ኦክስጅን ፍለጋ የተንከራተተ ቤተሰብ ያለው ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። የሕክምና ደረጃውን እንዲያሟላ ተጣርቶ ለድል ጮራና ለሌሎች ሆስፒታሎች፣ የቀረው ለበያጆች። የመጀመሪያው ደንበኛ እዚሁ ሰፈራችን ውስጥ አለ።

ሁለተኛ፣ ኢንተርንሽፕ ማህተም መሆኑ ይቅር። ተማሪ የሚቀበል ፋብሪካ በዓመት አንድ እውነተኛ ችግሩን ለዩኒቨርሲቲው ይስጥ፦ የሚደፈን ቱቦ፣ የሚባክን ሙቀት፣ የሚቃጠል ሞተር። ተማሪው በዚያ ላይ ይመረቅ። አንድ አማካሪ ከካምፓስ፣ አንድ ከፋብሪካ ይመደብለት፤ የፋብሪካው ፎርማን ለማስተማሩ ይከፈለው። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ከ1999 ጀምሮ እዚሁ አለ፤ ሐረማያ ከ1940ዎቹ ጀምሮ ገበሬውን የሚያውቅ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ከበላያችን ተራራው ላይ አለ። አንዱ ማሽኑን፣ ሌላው አፈሩን ይያዝ። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጁ ደግሞ ከሁለቱ እኩል ይቀመጥ፤ ከአንድ መሐንዲስ በኋላ አሥር ቴክኒሻን ያስፈልጋልና።

ሦስተኛ፣ ደኅንነት። አሞንያ መርዝ ነው፤ ካፈተለከ ይገድላል። ከአሞንያ የሚሠራው አሞኒየም ናይትሬት በግዴለሽነት ሲከማች እ.ኤ.አ. በ2020 ቤይሩት ወደብ ላይ ያደረገውን በስልካችሁ አይታችኋል። ስለዚህ ቦታው ከመኖሪያ ሰፈርና ከውሃ ጉድጓዶች የራቀ ይሁን፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞቻችን ቀድመው ይሠልጥኑ። ልማት ወዳድ ነኝ ብሎ ይህንን የማይጠይቅ ሰው ሕዝቡን አልወደደም።

አራተኛ፣ ውሉ ይታይ። ከዛሬ በኋላ የመሠረት ድንጋይ ሲጣል እልል ከማለታችን በፊት ሦስት ጥያቄ እንጠይቃለን፦ ኤሌክትሪኩን በስንት ዋጋ፣ ለስንት ዓመት? ውሃው ከየት? በስንት ዓመት ውስጥ ስንት የሀገር ልጅ ማሽኑን ይረከባል? የያዩ ማዳበሪያ ፋብሪካን አስታውሱ። በ2004 ተጀመረ ተብሎ ስንት ሕልም ተሸጠ፤ ቢሊዮኖች ፈስሰው ሳያልቅ ቀረ። ያኔ አጨበጨብን እንጂ አልጠየቅንም።

አንድ የምታልጎመጉሙት ነገር አለ፤ ሰምቼዋለሁ። «ፋብሪካው ቢመጣስ ማን ሊቀጠር?» 40-40-20 የሚባለውን ነገር የድሬ ልጅ ሁሉ በልቡ ይዞት ይዞራል። ስለ ሥልጣን ክፍፍሉ ያለንን አቋም ብዙ ጊዜ ተናግረናል፤ ዛሬ አልደግመውም። አንድ ነገር ብቻ ልበል። 200 ባር ግፊት ያለው ቱቦ ኮታ አያውቅም። በያጁ ካልቻለ ይፈነዳል፤ ሲፈነዳ ደግሞ የኦሮሞውን፣ የሶማሌውን፣ የአማራውን፣ የጉራጌውን፣ የሐረሪውን ልጅ አይለይም። ሙያ ላይ ስንመጣ መመዘኛው ችሎታ ብቻ እንዲሆን የምንታገለው ለዚህ ነው። ለችሎታ የሚከራከር ወጣት ግን መጀመሪያ ራሱ ችሎታ ሊኖረው ይገባል። እኛ ጋ ችግሩ ይሄ ነው፤ እንተማመን።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ የምናደርገውን ልንገራችሁ። በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሙቀቱ ሳይጀምር፣ የጥናት ቡድን እንጀምራለን። ኬሚስትሪ የተማራችሁ ታስተምራላችሁ። ጋራዥና ብየዳ ቤት የምትሠሩ ልጆች ደግሞ እናንተም ታስተምራላችሁ፤ ዲግሪ ያለው ልጅ ከእናንተ ብዙ የሚማረው አለው። የመጀመሪያው ሥራችን ትንሽ ነው፦ ከየሰፈሩ፣ ከከዚራ፣ ከመጋላ፣ ከሳቢያን፣ ከለገሃሬ፣ ከገንደ ቆሬ የውሃ ናሙና ሰብስበን የኖራውን መጠን እንለካለን፤ ውጤቱን በዚሁ ገጽ እናወጣለን። ማንም ፈቃድ ሳይሰጠን የምንችለው ነገር ስለሆነ ከዚያ እንጀምራለን። ውጭ ሀገር ያላችሁ፣ በተለይ በማዳበሪያ፣ በጋዝና በኬሚካል ፋብሪካ የምትሠሩ ወገኖቻችን፣ ገንዘብ አንጠይቃችሁም፤ በወር አንድ ሰዓት በኢንተርኔት አስተምሩልን።

ሦስተኛ ፊርማ ሊመጣ ይችላል፤ ላይመጣም ይችላል። እሱ በእኛ እጅ አይደለም። ሲመጣ ግን ፋብሪካው በር ላይ ሄደን «ሥራ አለ ወይ?» ብለን የምንሰለፍ ልጆች ሆነን እንዳያገኘን። «ይሄን ማሽን እናውቀዋለን፤ ቱታውን ስጡንና እንግባ» የምንል እንሁን።

ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት። ደብተርና እስክሪብቶ ይዛችሁ ኑ። በርጫው ከሰዓት ይደርሳል።

ኢትዮጵያ በልጆቿ እጅና እውቀት ለዘላለም ትኑር!

(ያነበባችሁ ለጓደኞቻችሁ አጋሩ። ከሌላ ከተማ ሆናችሁ የጥናት ቡድን መጀመር የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን።)